ለትንሽ ልጅ በመጽሐፍ ብቻ የሚሄድ ረጋ ያለ የቤት ትምህርት፣ የትኛውን ልያዝላት?

አዘዞዋ እናት፦
ሰላም ናችሁ የጎንደር ሰዎች። ልጄ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆኗታል። ለመስከረም ላስመዝግባት ብዬ አንድ መዋለ ሕፃናት ሄጄ ነርሰሪውን አሳዩኝ፣ ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላቸው ልጆች ደብተር ላይ ሀ ሀ ሀ እያሉ ገጽ ይሞላሉ፣ አንዷማ እርሳሱን እንደ ዘነዘና በጡጫዋ ጨብጣ እንባዋ ደብተሩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ የቤት ሥራም እንሰጣለን አሉኝ እንደ ጥሩ ነገር። ወጥቼ ሄድኩ በቃ። ለአንድ ዓመት እኔው ጋ ትቆይ ብዬ ወስኛለሁ፣ ሥራዬ እስከ ስድስት ሰዓት ስለሆነ ከሰዓቱ የኛ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የውጭ ሰዎች ሆምስኩል በሚሉት ውስጥ ለትንንሾች በስዕል መጽሐፍ ብቻ የሚሄድ፣ ደብተር የሌለው፣ የማያስጨንቅ ፕሮግራም አላቸው። ግን ዋጋው በዶላር፣ መጽሐፎቹ ለብቻ የሚገዙ፣ ታሪኩ ደግሞ ሁሉም በረዶና ድብ። የትኛውን ልያዝ? የሞከረ አለ? የባሌ እናት ደግሞ በበኩላቸው "ምን ያንከራትትሻል፣ ቄስ ትምህርት ቤት ላኪያትና ፊደሏን ለይታ ትምጣ" ይላሉ፣ እሳቸውን ምን ልበላቸው እሱንም ጨምሩልኝ ሃሃ

የማራኪዋ፦
እህቴ እኔ ገዝቼው ነበር፣ ወንድሜ ውጭ ስላለ በካርዱ ከፍሎልኝ። ፒዲኤፍ ላኩልኝ። ስከፍተው ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ አንድ መጽሐፍ አምስት ቀን ሙሉ ደጋግመሽ አንብቢ፣ በየቀኑ ከውስጡ አንድ ነገር ብቻ አንስታችሁ ተጫወቱበት፣ አለቀ። ሌላው ገጽ ሁሉ የመጽሐፍ ዝርዝር ነው፣ አንዱንም እዚህ አታገኝውም። ሁለት ቀን ተናደድኩ ከዛ ዘዴውን ወስጄ መጽሐፎቹን ተውኳቸው። ስለ ዶሮ የሆነች አማርኛ መጽሐፍ ነበረችን፣ ሰኞ ዝም ብዬ አነበብኩለት፣ ማክሰኞ ግቢያችን ያለችውን ዶሮ ስትጭር ቁጭ ብለን አየናት፣ ረቡዕ እንቁላል ቀቅለን እሱ ላጠው (ግማሹን ከነቅርፊቱ በላው)፣ ሐሙስ ላባ ለቅመን ወረቀት ላይ ለጠፍን። ዓርብ ጠዋት መጽሐፉን ገልብጦ ይዞ ለአሻንጉሊቱ ሲያነብለት ሰማሁት፣ ቃል በቃል፣ መሃል ላይ የኔን ሳል ሳይቀር ሳለው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፣ መቁጠሪያ ይሁነው ብዬ ሽምብራ ሰጥቼው አፍንጫው ውስጥ ከቶት ማታ በባጃጅ ሐኪም ቤት ሮጠናል። ከዛ ወዲህ በድንችና በሎሚ ነው የምንቆጥረው።

መጽሐፍ ፒያሳ ካሉት ጽሕፈት መሣሪያ ቤቶች ጠይቂ፣ ብዙ የላቸውም ግን አይጠፋም። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካገኘሽ አራት ኪሎ ይግዛልሽ። በነፃ ከፈለግሽ ደግሞ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባል ድረገጽ አለ፣ አማርኛ ታሪክ ከነስዕሉ አለው፣ ማውረድም ማተምም ይፈቀዳል። ከለር ፕሪንት አስደርጊና አስጠርዥው። በስልክ አታንብቢላት፣ በጣቷ ጠርጋ ዩቱብ ትገባልሻለች እመኝኝ።

ጡረታ ልወጣ ነው፦
እኔ እምለው ሰው ሥራ ፈቷል እንዴ፣ ለሁለት ዓመት ልጅ ፕሮግራም? እኛ ማታ ማታ ተረት ተረት፣ የላም በረት እየተባልን ነው ያደግነው ፒዲኤፍ የላከልን የለም

የኬጂ መምህር፦
የት እንደማስተምር አልናገርም እንጂ እኛም ጋ እንዲሁ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ግማሹ ጥፋት የወላጅ ነው፣ ደብተሩ ባዶ ሆኖ ከሄደ በነጋታው መጥተው "ምን አስተማራችሁት" ይላሉ። የሦስት ዓመት ልጅ ጣት ገና እርሳስ ለመያዝ አልጠነከረም፣ ሊጥ ታሽ፣ አተር ትፈልፍል (አንች እያየሻት፣ የአፍንጫውን ነገር ሰምተሻል)፣ ወረቀት ትቅደድ፣ እሱ ነው የጽሕፈት ትምህርቷ። አንደኛ ክፍል 7 ዓመት ላይ ነው፣ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከሱ በፊት 2 ዓመት ቅድመ አንደኛ አለ። እና ልጅሽ ከምን ዘገየች?

ፊደሉን በተመለከተ፣ 33 በ7 ቢባዛ 231 ነው፣ ልጅ ቶሎ ከጀመረ እንደ ዘፈን ያወርድልሻል፣ ጣትሽን "ሂ" ላይ አድርገሽ ይሄስ ስትይው ግን ከሀ ካልተነሳ አያውቀውም። የኔታዎች ይችን ድሮ ነው የነቁባት፣ ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚመጣው ለዚህ ነው፣ ተራውን አዘበራርቆ ልጁ ፊደሉን በዓይኑ ነው ወይስ በዜማው የያዘው የሚለውን ያጋልጣል። ስለዚህ ቄስ ትምህርት ቤትን አልንቅም፣ ጊዜው ገና ነው እንጂ። አማትሽን እሳቸው በስንት ዓመታቸው እንደተላኩ ጠይቂያቸው እስኪ።

ሜሪላንድ ያለሁት ጎንደሬ፦
እዚህ ጓደኞቼ የሚገዙት "ለስላሳ" የሚባለው ፕሮግራም ብዙው ከአንዲት እንግሊዛዊት አስተማሪ ሐሳብ የመጣ ነው፣ ሻርሎት ሜሰን ትባላለች፣ በ1923 እንደ ፈረንጅ ነው የሞተችው። አስቂኙ ነገር ሴትየዋ ራሷ እስከ ስድስት ዓመት መደበኛ ትምህርት አያስፈልግም፣ ልጅ ደጅ ይዋል ነው ያለችው። ደጅ ደግሞ ከናንተ በላይ ማን አለው? ፋሲል መዋኛ ውሰጃት፣ የዛፉ ሥር የድንጋዩን አጥር እንዴት አንቆ እንደያዘው ትየው፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን መላእክት ቀና ብላ ትይ፣ ከዛ ከሱዳን የመጡት ወራሪዎች፣ ደርቡሾቹ፣ ሲመጡ ንቦቹ አባረሯቸው የሚባለውን ንገሪያት፣ የኔ ልጅ ከሁሉ እሱን ነው የሚያስደግመኝ። ግን ፕሮግራም ገንዘብ ማባከን ነው የሚለውን አልስማማም። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ዛሬ ምን እናድርግ ብዬ ሳላስብ አንድ መስመር አንብቤ የምጀምረው ነገር መኖሩ ጠቅሞኛል። አቅም ካለሽ ግዥ፣ ከሌለሽ የማራኪዋ እንዳለችው እሁድ ማታ የሳምንቱን አምስት መስመር ራስሽ ጻፊ።

አዘዞዋ እናት፦
ሁለት ሳምንት ጠፋሁ ይቅርታ። አልገዛሁም። ስለ አህያ የሆነች አንዲት ታሪክ አሳትሜ አስጠርዤ ይኸው አንዱን ገጽ ቀዳዋለች በስኮች ለጥፈነዋል። አህያ ለማየት ቅዳሜ ገበያ ወስጃት ሦስት ሰዓት አልበቃት አለ፣ እያንዳንዷን ሰላም ካላልኩ ብላ።

መምህር፣ አማቴን ጠየቅኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና "እኔማ የት ተላኩ፣ ወንድሞቼ ናቸው የኔታ ዘንድ የተላኩት፣ እኔ እንጨት ለቀማ ነበርኩ" አሉኝ። ምን እንደምል ጠፋኝ። ማታ መጽሐፉን ሰጠኋቸው፣ ስዕሉን እያዩ የራሳቸውን ተረት ነገሯት፣ ከተጻፈው ጋር አንድም አይገናኝም፣ አህያዋ ጅብ አታልላ ቋራ ድረስ ትሄዳለች። አሁን እኔ የተጻፈውን ሳነብላት "እንደዛ አይደለም፣ እንደ እናና" ትለኛለች። እና ረቡዕና ዓርብ የእሳቸው ሆኗል። የሚቀጥለውን ሳምንት መጽሐፍ የሚጠቁመኝ አለ? ጅብ ያለበት ቢሆን ይመረጣል