ሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች ለምን በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ?

ጥያቄ፦
የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ትናንት የዲኤንኤን መሰላል ሰሌዳ ላይ ስዬ በግራው ክር አናት 5 ፕራይም፣ በቀኙ አናት ደግሞ 3 ፕራይም (ክሩ የሚያበቃበት የስኳር ካርቦን ቁጥር) ብዬ ስጽፍ አንዲት ተማሪ «ሁለቱም ከላይ ወደ ታች ቢሄዱ ምን ይጎድላቸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ፎስፌቱ የአንዱን ስኳር 3ኛ ካርቦን ከቀጣዩ ስኳር 5ኛ ካርቦን ጋር ስለሚያያይዝ እያንዳንዱ ክር አቅጣጫ እንዳለው አስረዳኋት፤ አቅጣጫቸው ለምን እንደሚቃረን ግን የሚያጠግብ መልስ አላገኘሁላትም።

መልስ 1፦
ምክንያቱ ዲኤንኤ የሚባዛበት መንገድ ይመስለኛል። ዲኤንኤን የሚቀዳው ኢንዛይም ፖሊመሬዝ አዲስ ኒውክሊዮታይድ (የክሩን አንድ መገንቢያ፦ ስኳር፣ ፎስፌትና ቤዝ) የሚቀጥለው በ3 ፕራይም ጫፍ ብቻ ነውና።

መልስ 2፦
ከላይ የተጠቀሰው የፖሊመሬዝ ባሕርይ እውነት ነው፤ ለጥያቄው ግን ምክንያት አይሆንም። እንዲያውም ተቃራኒነቱ ለመባዛት ሥራውን ያከብደዋል፦ ክሮቹ ሲላቀቁ አንደኛው ያለማቋረጥ ሲቀዳ፣ ሌላኛው በኦካዛኪ ባልና ሚስት ስም በሚጠሩ፣ በባክቴሪያ ከ1,000 እስከ 2,000 ኒውክሊዮታይድ በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ተቀድቶ ኋላ ይገጣጠማል።

ምክንያቱ ያለው የመሰላሉን ደረጃዎች በሚሠሩት በቤዞቹ አጣማመር ላይ ነው። አዴኒን ከታይሚን፣ ጉዋኒን ከሳይቶሲን ጋር ሲጣመር፣ ቤዞቹን ከስኳሮቻቸው ጋር የሚያገናኙት ሁለት ትስስሮች የሚቀመጡት ጥንዱ ግማሽ ዙር ቢገለበጥ አንዱ በሌላው ቦታ ላይ በትክክል እንዲያርፍ ሆነው ነው። ጥንዱ ሲገለበጥ ሽቅብ ይመለከት የነበረው ስኳር ቁልቁል ስለሚመለከት፣ ሁለቱ ክሮች እኩል ቅርጽ ሊይዙ የሚችሉት አቅጣጫቸው ሲቃረን ብቻ ነው። ለተማሪዎችዎ በእጅ ሊያሳዩአቸው ይችላሉ፦ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ቆመው፣ ሁለቱም ሰሌዳውን እያዩ ቀኝ ለቀኝ ይጨባበጡ ቢሏቸው እጃቸው ይጣመማል፤ አንደኛው ዞሮ ፊት ለፊት ሲቆም ግን መዳፍ ከመዳፍ ይገጥማል።

የዲኤንኤን መዋቅር ከጄምስ ዋትሰን ጋር ያገኘው ፍራንሲስ ክሪክም ተቃራኒነቱን የተረዳው የቤዞቹ አጣማመር ከመታወቁ በፊት ነበር። በሮዛሊንድ ፍራንክሊን የኤክስሬይ ልኬት መሠረት ክሪስታሉ ግማሽ ዙር ሲዞር መልሶ ራሱን እንደሚመስል አስተዋለ፤ አቅጣጫቸው አንድ የሆነ ክሮች ደግሞ ይህን ሊያሟሉ አይችሉም። ይህ ሁሉ የሆነው በ1953 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ነው፤ የፍራንክሊን ድርሻ በክፍል ውስጥ ሳይነሳ መታለፍ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

መልስ 3፦
ለተማሪዋ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። በቤተ ሙከራ አቅጣጫቸው አንድ የሆነ ድርብ ክሮች ተሠርተዋል። በእነዚህ ውስጥ አዴኒንና ታይሚን የሚጣመሩት አንደኛው ተገልብጦ ነው፤ ጉዋኒንና ሳይቶሲን ግን በዚህ አኳኋን በደንብ ስለማይገጥሙ ድርብ ክሩ ከተለመደው ባነሰ ሙቀት ይላቀቃል። የሚጎድላቸው እንግዲህ ጥንካሬ ነው።