ክርክር፦ የፓርላማ ተወካያችንን በምን እንመዝነው?

የሽምብጥ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ስለ እንደራሴው አወራኝ። ሰውየው ጄሚ ራስኪን ይባላል። ሕገ መንግሥት ሲያስተምር የኖረ ፕሮፌሰር ነው። ለአሥር ዓመት ያህል በሜሪላንድ ሴኔት ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ለፌዴራሉ ምክር ቤት ተመረጠ። ማን ስንት ዶላር እንደሰጠው፣ የቱን ረቂቅ እንደደገፈ፣ የቱን እንደተቃወመ የአክስቴ ልጅ ከስልኩ እያነበበ ነገረኝ። እዚህ ባሕር ዳር ግን ተወካያችን ምን እንደተማረ እንኳ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? የኔ አቋም ግልጽ ነው። ዕጩ ሁሉ ለቅስቀሳ ገንዘብ የሰጡትን ሰዎች በስም ዝርዝር ይግለጥ። እስቲ ተከራከሩኝ።

ነጋዴው (ቀበሌ 13)
ወንድሜ፣ አንተ ደሞዝተኛ ነህ መሰለኝ። እኔ ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ የማሳድስ ሰው ነኝ። ለአንዱ ፓርቲ ትንሽ ብር ሰጥቼ ስሜ ቢለጠፍና ያ ፓርቲ ቢሸነፍ ማን ያድነኛል? ዝርዝሩን መጀመሪያ የሚያነበው የቀን ገቢዬን የሚገምተው ሰው ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ስም ቢለጠፍ ጎረቤት ያኮርፍ ይሆናል። እዚህ ሱቅ ይታሸጋል።

የሽምብጥ ልጅ
ታዲያ በጓሮ ይግባ ነው የምትለኝ?

ነጋዴው (ቀበሌ 13)
በጓሮ ይግባ አላልኩም። ስሜን ተወኝ ነው ያልኩት።

መምህር ከፔዳ
ሕጉን ሳናይ ባንጨቃጨቅ ጥሩ ነው። የኛው አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። ፓርቲ ከውጭ ዜጋም ሆነ ምንጩ ካልታወቀ ሰው ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። ፓርቲው ሒሳቡን አስመርምሮ ለምርጫ ቦርድ ያቀርባል። መንግሥትም ለፓርቲዎች ድጋፍ ይሰጣል፤ ሲከፋፈል የሴት ዕጩዎች ብዛት ጭምር ይታያል። እንግዲህ ልብ በሉ፣ የኛ ሕግ ዓይኑን የሚጥለው ፓርቲው ላይ ነው። አሜሪካኖቹ ዕጩውን ራሱን ነው የሚይዙት። ለአንድ የፌዴራል ዕጩ ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙም፣ ሥራውም፣ አሠሪውም ተመዝግቦ ለሕዝብ ይወጣል። ለ2025 እና 2026 ምርጫ አንድ ሰው ለአንድ ዕጩ መስጠት የሚችለው በአንድ ምርጫ እስከ 3,500 ዶላር ነው። ኩባንያ በቀጥታ ለዕጩ መስጠት ከ1907 ጀምሮ አይችልም።

ይህን ስል ግን እነሱ ንጹሕ ናቸው ማለቴ አይደለም። ከ2010 ወዲህ ከዕጩው ውጭ ሆነው የሚቀሰቅሱ ቡድኖች ያለ ጣሪያ መሰብሰብና ማውጣት ይችላሉ። በሩን ዘግተው መስኮቱን ከፈቱት።

ባጃጅ ነጂ
ጋሼ፣ ከሥሩ ያለውን ነገር ማወቅ ፈለግኩ። ብር ያለው ሰው ወንበሩን ይገዛዋል ወይ? የተቀረው ለኔ ትርፍ ወሬ ነው።

መምህር ከፔዳ
የዚያው የራስኪን ምርጫ ይመልስልሃል። በ2016 በፓርቲው ውስጥ ለዕጩነት ሲወዳደር አንዱ ተፎካካሪው ዴቪድ ትሮን ነበር፤ የትልቅ የመጠጥ መደብሮች ድርጅት ባለቤት። ከኪሱ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰ። ተሸነፈ። በ2018 በአጎራባቹ የምርጫ ክልል ተወዳድሮ አሸነፈና ምክር ቤት ገባ። በ2024 ደግሞ ለሌላኛው የፌዴራል ምክር ቤት፣ ለሴኔት፣ ዕጩ ለመሆን ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከራሱ አወጣ፤ እንደገና ተሸነፈ። ስለዚህ ገንዘብ ወንበሩን ሁልጊዜ አይገዛም። ስሙ በየቤቱ እንዲጠራ ግን ያደርጋል። ያ ገንዘብ የሌለው ሰው ከመንገድ ይቀራል።

ባጃጅ ነጂ
60 ሚሊዮን ዶላር! በዚህ ጣናን ከእምቦጭ ማጽዳት አይቻልም ነበር?

ጠበቃዋ (ግሽ ዓባይ)
ሁላችሁም ገንዘብ ላይ ተጣብቃችሁ ቀራችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሰውየው ከገባ በኋላ እጁን ያነሳው ለምን እንደሆነ ነው። ዜናውን ታውቁታላችሁ፦ «ምክር ቤቱ ረቂቅ አዋጁን በአብላጫ ድምፅ፣ በሁለት ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ አጸደቀ»። ሁለቱ እነማን ናቸው? ካሜራው ዞር ካለላችሁ ታዩአቸዋላችሁ፤ ካልዞረ አለቀ። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የሚወጣው አዋጁ ነው፤ ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ የሚል አታገኙበትም። ራስኪን ግን በስም በተመዘገበ ድምፅ የሰጠው መልስ ሁሉ አንድ በአንድ ተጽፎ ተቀምጧል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለህሊናው ነው ይላል። ፓርቲው የለበትም። ዝቅ ብሎ ደግሞ መራጩ አመኔታ ካጣበት ተወካዩን በሕግ መሠረት ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል። ታዲያ ምን ላይ እንደወሰነ ሳላውቅ አመኔታዬን የማጣው በምን ላይ ተመሥርቼ ነው? በመልኩ? በዘመዱ? ይህ መብት ወረቀት ላይ የተኛው መረጃው ስለማይደርሰን ነው ብዬ አምናለሁ። ነጋዴውን የሚያስፈራው ዓይነት አደጋም የለበትም። የሚጋለጠው ሥራውን ፈልጎ የገባው ሰው ብቻ ነው።

አባት ከዘጌ
ልጄ፣ ጥሩ ተናግረሻል። ግን እኛ ገጠር ያለን ሰዎች የምንጠይቀው ሌላ ነው። ምን አመጣልን? በኛ አቆጣጠር ግንቦት 2016 ላይ የተመረቀውን የዓባይ ድልድይ እዩት። 380 ሜትር ነው። ሰው ድልድይ ይሻገራል፣ የእጅ ማንሳት መዝገብ አይሻገርም።

ጠበቃዋ (ግሽ ዓባይ)
አባቴ ልክ ነዎት፣ ድልድዩ የሁላችንም ደስታ ነው። ነገር ግን ድልድዩ የተሠራው በፌዴራል መንገድ በጀት ነው። በጀቱን ሰኔ መጨረሻ ላይ ምክር ቤቱ በሙሉ ነው የሚያጸድቀው። አንድ ተወካይ መጥቶ «እኔ አመጣሁት» ቢልዎት አይመኑት። አልመጣልንም ተብሎ የሚወቀስም ካለ ያን ጊዜ ምን እንዳደረገ መጠየቅ ነው።

አባት ከዘጌ
ይሁን። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። እምቦጭ ጣናን ሲወር፣ ታንኳችን ሣር ውስጥ ሲቀረቀር፣ አዲስ አበባ ቆሞ ሚኒስትሩን የጠየቀው ማን ነው? ስሙን ንገሩኝና ለሱ ድምፄን እሰጠዋለሁ።

መምህር ከፔዳ
አባቴ፣ ይህን ነው የምንፈልገው! ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌሎች ባለሥልጣናትንም ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው፤ አንቀጽ 55 ነው። ማን ምን ጠየቀ የሚለው በየተወካዩ ስም ተሰብስቦ ቢቀርብልን ግማሹ ሥራ አለቀ።

ስንት ሕግ አወጣ ብሎ መቁጠር ግን ያሳስታል። ራስኪን የጋዜጠኞችን ምስጢራዊ ምንጭ የሚጠብቅ ረቂቅ አቅርቦ የአሜሪካው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 አሳለፈው። በ2024 ረቂቁ በሌላ አባል ስም ቀርቦ እንደገና አለፈ። ሁለቱንም ጊዜ ሴኔት ላይ ቀረ። እንግዲህ ይህ ልፋቱ በቁጥር ከሆነ ዜሮ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ አብዛኛው ረቂቅ የሚመጣው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለሆነ ቁጥሩ ስለ አባሉ ምንም አይነግረንም።

የሽምብጥ ልጅ
ነጋዴው፣ አሁንም በአቋምህ ነህ? ከተወሰነ ብር በታች የሰጠ ስሙ አይውጣ፤ ከዚያ በላይ የሆነ ግን ይውጣ ብንልስ?

ነጋዴው (ቀበሌ 13)
ጣሪያው ከፍ ካለ ምን ገዶኝ። እኔ ያን ያህል የምሰጠው ሰው እስካሁን አልተወለደም። ትልቁን የሚሰጠው ኮንትራክተር ነው፤ የሱ ስም ይውጣ፤ ለምን እንደሰጠም ይጠየቅ። እህታችን ያለችውን ግን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ሰውየው እጁን ሲያነሳ ስሙ ይጻፍ።

ባጃጅ ነጂ
ክረምት ላይ ምክር ቤቱ ሲዘጋ ተወካዮቹ ወደ መራጭ ይመጣሉ አይደል? ለምን እዚያ አንጠይቃቸውም?

ጠበቃዋ (ግሽ ዓባይ)
ይመጣሉ። አዳራሹ ውስጥ ማይክ የሚደርሰው ግን ለተመረጠ ሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በጽሑፍ አዘጋጅቼ በእጁ እሰጠዋለሁ፦ ያለፉትን ሦስት በጀቶች ደገፍክ ወይስ ተቃወምክ? ስለ ጣና ማንን ጠየቅክ? ፓርቲህ ለቅስቀሳህ ስንት ብር አወጣ? አባታችን ከዘጌ መጀመሪያ ይፈርሙልኝ፤ በሽማግሌ ፊርማ የመጣ ወረቀት አይጣልም።

አባት ከዘጌ
በደስታ። ጀልባው ጠዋት ስለሚመጣ ስብሰባውን ከሰዓት አድርጉልኝ እንጂ።