አንድ ባለ ሦስት መኝታ ወይስ ጎን ለጎን ሁለት ባለ አንድ? (ቱሉ ዲምቱ)

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ጓደኛሞች ነን፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ልንከራይ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሦስት መኝታ አለ፤ እዚያው ብሎክ አንደኛ ፎቅ ደግሞ ጎን ለጎን ሁለት ባለ አንድ። ደላላው ባለ ሦስቱ ለአራት ሲካፈል ይረክሳል ይላል። እንጀራ ቤት ነው የምንጋግረው። ምን ትመክሩናላችሁ?

የኮዬ ልጅ፦
ሁለቱን ያዙ፣ በውሃው ምክንያት። ዳር ዳር ያሉት ሳይቶች ውሃ የሚያገኙት በፈረቃ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት። ግፊቱ ሲደክም ታች ያለው በርሜሉን ሞልቶ ይተኛል፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ቧንቧው አየር ሲተፋ ያድራል። ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ብትይዙ አራታችሁ 160 ናችሁ፤ ውሃው በአራት ቀን አንዴ ከመጣ 640 ሊትር፣ ማለትም 32 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ያንን ደረጃ ላይ ማመላለስ አስቡት። ሮቶ ካስገባችሁ በረንዳ ላይ እንዳታስቀምጡ፤ 500 ሊትሩ ሲሞላ ግማሽ ቶን ነው። ዲናሞም ቀጥታ መስመሩ ላይ አትግጠሙ፤ የጎረቤትን ውሃ ይስባል፣ በላላ መገጣጠሚያ በኩል ቆሻሻ ያስገባል፣ ውሃ ሲቋረጥም ባዶውን ዞሮ ይቃጠላል።

ኤሌክትሪሻን፦
ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይበላል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው። 2 ኪሎዋት ስቶቭ አብሮ ከተለኮሰ 25 ይደርሳል። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ከሆኑ ብሬከሩ ይወርዳል። እባካችሁ ብሬከሩን በትልቅ አታስቀይሩ፤ ገመዱ ቀጭን ከሆነ ብሬከሩ ዝም ብሎ ገመዱ ይነዳል። ለምጣድ ከፓነሉ የወጣ የራሱ መስመር፣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ፣ ኧርዝ ያለው ይሁን። የሶኬቱ ቀዳዳ ዙሪያው ቡናማ ከሆነ ወይም ፕለጉ ሲነቀል እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ውስጡ ላልቷል፣ ይቀየር።
የመብራት ታሪፉ በእርከን ነው፤ ፍጆታ ሲጨምር የኪሎዋት ሰዓቱም ዋጋ ይወደዳል። አራት ሰው በአንድ ቆጣሪ ቶሎ ውዱ እርከን ውስጥ ይገባል። ደላላው ይህን አልቆጠረም። ምጣዱ አንዱ ቤት ከሆነ ከመጋገር በፊትና በኋላ ቆጣሪውን አንብባችሁ ልዩነቱን ለአራት ክፈሉት።

ውል አዋቂ፦
በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። በአንድ ሰው ስም ብቻ አትፈርሙ፤ እሱ የወጣ ቀን ቀሪዎቹ መቆሚያ የላቸውም። አብረው የፈረሙ ሰዎች ደግሞ ውሉ ሌላ ካላለ ለዕዳው በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ። ባለ ሦስቱ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ቢጠፋ አከራዩ ሙሉውን ከሦስታችሁ ይጠይቃል፤ በሁለቱ ቤት ግን ውሉ ለየብቻ ከሆነ ጉዳዩ የአንዱን ቤት ሰው ብቻ ይነካል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የገመዱን ውፍረት በምን እናውቃለን?

ኤሌክትሪሻን፦
ሽፋኑ ላይ ተጽፏል። ዋናውን አውርዳችሁ ፓነሉን በባለሙያ አስከፍቱ፤ ከመፈረማችሁ በፊት።