ከቤቱ ጋር የመጣው ጃኩዚ፤ እናቴን ላስገባት ወይስ ይቅር?

የሰበታው ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ቅርብ ጊዜ ነው ቨርጂኒያ፣ ውድብሪጅ ቤት ገዝተን የገባነው። የድሮዎቹ ባለቤቶች ጓሮ ያለውን ጃኩዚ ማንሳቱ አልሆን ብሏቸው ትተውልን ሄዱ። ስድስት ሰው የሚይዝ ነው፤ መመሪያው 400 ጋሎን ይላል። ብርዱን ወራት ሁሉ ክዳኑ ተጭኖበት ነው የከረመው። ከፍቼ ሳየው ግን ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ታቹ ድረስ ይታያል፣ ሽታም የለው። ሞተሩም ይሠራል።

ችግሩ እናቴ ናት። ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ነው ያለችው፤ 68 ዓመቷ ነው። ግፊትም ስኳርም አለባት፤ የግፊት ኪኒን ትውጣለች፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ይህን ገንዳ ካየች ወዲህ «እቤታችሁ ፍልውሃ አስቀምጣችሁ እኔ ወገቤን ይዤ ልዙር?» እያለች መግቢያ መውጫ አሳጣችኝ። ባለቤቴ ደግሞ ገና የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ልጆቼ 4 እና 9 ዓመታቸው ነው፤ የዋና ልብሳቸውን ለብሰው ሳሎን ተሰልፈዋል። ቅዳሜ ዘመድ ይመጣል፤ አንዱ ከአሁኑ «ቢራው በእኔ ነው» ብሏል።

ጥያቄዬ አጭር ናት። ውሃው ይህን ያህል ንጹህ ከሆነ ክሎሪን ጨምሬበት ብንጠቀም ምን አለው? እናቴስ ትግባ?

ቡልቡላ፦

እንኳን ደስ ያላችሁ! ወንድሜ፣ ነገር አታካብድ። እኛ አትላንታ ስንት ዘመን ስንገባበት ማንም ምንም አልሆነ። ክሎሪኑን ሽታው አፍንጫህን እስኪሰነጥቀው ጨምርበት፤ ያኔ መንጻቱን ታውቃለህ። እናትህንም ከልክለህ አታስቀይም፤ ሶደሬ ስንቱ ባልቴት ነው ተነክሮ የሚውለው።

ገንዳ ጠጋኙ፦

እኔ እዚያው ሰሜን ቨርጂኒያ የመዋኛና የጃኩዚ ጥገና እሠራለሁ፤ እንጀራዬ ነው። የቡልቡላን ምክር እለፈው፣ በተለይ የሽታውን። ያ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ የክሎሪን መብዛት ምልክት አይደለም። ክሎሪኑ ከላብ፣ ከሽንትና ከሰውነት ቆሻሻ ጋር ተዋህዶ ክሎራሚን ሲሆን ነው እንዲያ የሚሸተው። የደንበኛ ጓሮ ገብቼ ሽታው ገና ከበሩ ከተቀበለኝ፣ ውሃው መቆሸሹን ሳልለካው አውቃለሁ። ያንተ አለመሽተቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ወራት ተከድኖ በቆየ ውሃ ውስጥ ክሎሪን የሚባል ነገር አልቀረም ማለት ነው።

መጥራቱም አያታልልህ። እኛ ሥራ ላይ የምንፈራው ሌጂዮኔላ የሚባለው፣ ከባድ የሳንባ ምች የሚያመጣው ባክቴሪያ በዓይን አይታይም፤ ውሃውንም አያደፈርስም። በጣም የሚመቸው ሙቀት ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ጃኩዚ ስንት ላይ ነው የሚቀመጠው? 38፣ 40። እንደ ተመኘው ማለት ነው። በዚያ ላይ ሙቅ ውሃ ውስጥ ክሎሪን ቶሎ ይተናል፤ ቧንቧዎቹ ውስጥ ደግሞ ዝልግልግ ያለ ሽፋን ይሠራና ባክቴሪያው እሱ ሥር ተከልሎ ይኖራል። ከላይ የምትነሰንሰው የክሎሪን ዱቄት እዚያ አይደርስበትም። አረፋውን ስታስነሳው ግን ከተደበቀበት ያወጣውና ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሳንባህ ይልከዋል። የሚይዝህ ውሃውን ስለጠጣህ ወይም ቆዳህን ስለነካህ አይደለም፤ ስለተነፈስከው ነው።

ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላደልፊያ ተሰብስበው ከታመሙት የ«አሜሪካን ሌጂዮን» ማኅበር የቀድሞ ወታደሮች ነው፤ ያኔ በሽታው ምን እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። ከእኔ ሙያ ጋር የሚገናኘው ግን የ1999ኙ የሆላንድ የአበባ ኤግዚቢሽን ነው። ለሽያጭ ማሳያ የቆመ ጃኩዚ አረፋውን ሲረጭ ከ30 በላይ ሰው ሞተ። በ2019 ደግሞ እዚሁ ጎረቤታችን ኖርዝ ካሮላይና፣ አንድ ባዛር ላይ ከ130 በላይ ሰው ታሞ 4 ሞቱ፤ ምርመራው ያመለከተው አሁንም ለማሳያ የበሩትን ጃኩዚዎች ነበር። ልብ በል፣ ገንዳ ውስጥ የገባ የለም። በአጠገቡ ሲያልፉ ነው የተነፈሱት። ስለዚህ «እናቴ አትገባም፣ ዳር ላይ ወንበር አውጥቼላት ታየናለች» ብትልም መፍትሔ አይደለም፤ መጀመሪያ ውሃው መስተካከል አለበት።

እናትህ ፍልውሃ ያሉት ነገር ገብቶኛል፤ የእኔም እናት እንደዚያው ነበሩ። ግን አዲስ አበባ ፍልውሃ ውሃው ከምድር እየፈለቀ ይመጣል፣ ታጥበህበት ይፈሳል። ያንተ ጃኩዚ ትናንት ቤተሰቡ ሁሉ የታጠበበትን ሳፋ ዛሬም መልሶ እንደማሞቅ ነው፤ ልዩነቱ ማጣሪያና ክሎሪን መኖሩ ብቻ ነው። እነሱ ካልሠሩ ሳፋ ነው።

አሠራሩን ልንገርህ። አሁን ያለው ውሃ ላይ ሰው አይግባ። የቧንቧ ማጠቢያ ፈሳሽ ከመዋኛ ዕቃ መደብር ገዝተህ ጨምርበት፤ ክሎሪንም አክልበት። ክዳኑን ዘግተህ አረፋውን አስነሳው። ክዳኑን ያልኩህ እንፋሎቱን አንተ እንዳትተነፍሰው ነው፤ ብዙ ሰው ከፍቶ አናቱ ላይ ቆሞ ያያል። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ያህል ካቆየኸው በኋላ ብሬከሩን አጥፋና ሙሉ በሙሉ አፍስሰው። ግድግዳውን ፈግፍገው። ማጣሪያውን አትጠበው፤ የማን እንደሆነ አታውቀውም፣ አዲስ ግዛ። ከዚያ ሞልተህ አሙቀውና ለካ። መለኪያ ወረቀቱ ርካሽ ነው። ክሎሪን ቢያንስ 3 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ውሃ 3 እጅ)፣ በክሎሪን ፈንታ ብሮሚን ከሆነ የምትጠቀመው ከ4 እስከ 8፤ ፒኤቹ፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት ልክ፣ ከ7.0 እስከ 7.8። አንዴ ለክተህ የምትተወው አይደለም፤ ሰው ሊገባ ሲል ሁሉ ትለካለህ። ለትልቅ መዋኛ የሚሸጠውን ድፍን የክሎሪን ኪኒን አትጠቀም፤ አሲድነቱ ዕቃውን ይበላብሃል፣ ፒኤቹንም ያወርደዋል። ሁለት ዓይነት ክሎሪን አንድ ዕቃ ውስጥ አትቀላቅል፤ እሳት ሊነሣ ይችላል። ዱቄቱንም ሁልጊዜ ወደ ውሃው ነው የምትጨምረው፤ ውሃ ዱቄቱ ላይ አይፈስስም።

የውሃ መቀየሪያው ጊዜ ቀላል ስሌት አለው። ጋሎኑን ለ3 ታካፍላለህ፣ የመጣውን ደግሞ በቀን ለሚገቡት ሰዎች። 400 ጋሎን ሆኖ በቀን 4 ሰው ከገባበት 33 ቀን ነው። ቅዳሜ ያ ሁሉ ዘመድ ገብቶበት ካደረ ግን ስሌቱን ተወውና በነጋታው ለካ። ሰው ሁሉ ደግሞ በሳሙና ታጥቦ ይግባ። ፀጉርና ገላ ቅባት ጠግቦ የሚገባ ሰው ክሎሪኑን ይጨርሰዋል፤ የእኛ ሰው ቤት ማጣሪያ ስከፍት የማገኘውን ቅባት ባወራ አታምኑኝም።

የኤሌክትሪኩን ነገር በራስህ አትንካ። 240 ቮልት ነው። ውሃ ሲነካው በራሱ የሚቆርጠው ብሬከር መሥራቱን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ይይልህ። የማጥፊያው ሳጥንም ከገንዳው ቢያንስ 5 ጫማ ርቆ፣ ግን ከገንዳው በሚታይበት ቦታ መሆን አለበት።

ስለ እናትህና ስለ ባለቤትህ ሙያ ያለው ይናገር።

ሲስተር ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጠጋኙ ያለውን ሁሉ አንብቤዋለሁ፤ የቀረውን እኔ ልጨምር። ሆስፒታል ነው የምሠራው።

ባለቤትህ አትግባ። አማራጭ የማልጽፍልህ ስለሌለ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የእናት ሙቀት ከ39 ዲግሪ ሲያልፍ የፅንሱ የጀርባ አጥንትና የአንጎል አፈጣጠር ላይ ችግር የማምጣት ዕድሉ ይጨምራል፤ ጃኩዚ ደግሞ ሰውነትን በደቂቃዎች ወደዚያ ያደርሰዋል። ለብ ባለ ውሃ ሻወር ትውሰድ። የ4 ዓመቱም አይግባ፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሰውነታቸው ቶሎ ይግላል። የ9 ዓመቱ ዐዋቂ አጠገቡ ሳይኖር አይግባ፤ ጭንቅላቱንም ውሃው ውስጥ አይንከር።

ወደ እናትህ። ሙቅ ውሃ የደም ሥርን ያሰፋል፣ ግፊት ይወርዳል። እሳቸው ደግሞ ግፊት የሚያወርድ ኪኒን ወስደዋል። ሁለቱ ሲደመሩ ከገንዳው ብድግ ሲሉ ዓለም ይዞርባቸዋል፤ እዚያ ጠርዝ ላይ መውደቅ በ68 ዓመት ዳሌ መስበር ነው። ኢንሱሊኑም አለ። ቆዳ ሲሞቅ የተወጉት ኢንሱሊን በፍጥነት ወደ ደም ይገባል፣ ስኳራቸው ሳይታሰብ ይወርዳል፤ ላቡን የውሃው ሙቀት ነው ብላችሁ ዝም ትላላችሁ። የእግር መደንዘዝ ካለባቸው ደግሞ መቃጠላቸው እንኳ አይታወቃቸውም። እግራቸው ላይ ቁስል ካለ ጨርሶ አይታሰብ። ሐኪማቸውን ሳትጠይቁ ገንዳው ዳር አታድርሷቸው። ሐኪሙ ቢፈቅድ እንኳ 40 ዲግሪ፣ ማለትም በእዚህ አገር አቆጣጠር 104፣ ለእሳቸው አይደለም፤ ያ ለጤነኛ ሰው ጣሪያው ነው። ሙቀቱን ቀንሳችሁ፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ አንድ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ።

ቢራው ቤት ውስጥ ይጠጣ። አልኮልና ሙቅ ውሃ ሲገናኙ እንቅልፍ ይጥላል፣ ግፊት ይወርዳል፤ ሰው በዚህች ትንሽ ገንዳ ውስጥ የሚሰምጠው በዚህ ነው። ጤነኛውም ቢሆን ከ15 ደቂቃ በላይ አይቆይ።

ከገቡ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቀይ የሚያሳክክ ሽፍታ፣ በተለይ የዋና ልብስ የሸፈነው ቦታ ላይ፣ ከወጣ ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ የፀጉር ሥሩን ይዞት ነው። ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ ግን ውሃችሁ ጥሩ እንዳልሆነ እየነገራችሁ ነው። ከ2 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ ሳል፣ የጡንቻ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን «ጉንፋን ነው» ብላችሁ በዳማከሴ አታስታምሙ። ሐኪም ቤት ስትደርሱ «ጃኩዚ ነበረን» ብላችሁ ተናገሩ። ይህን ካልተናገራችሁ ሽንቱን ለሌጂዮኔላ ላይመረምሩት ይችላሉ፤ ብዙ ሰው ቤቱ ያስቀመጠው አሞክሳሲሊን ደግሞ ይህን ባክቴሪያ አይነካውም። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ፣ የሚያጨስ፣ ሳንባው የሚያስቸግረው፣ ስኳር ያለበት ሰው የበለጠ ይጎዳል።

የሰበታው ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ቅዳሜ ክትፎ ብቻ ነው፤ ጃኩዚ የለም ብያለሁ። ዛሬ ጠዋት አፈሰስኩት። ባዶውን ሳየው ውሃ የሚስበው ቀዳዳ ላይ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ግማሹ ተሰንጥቋል። በሲሊኮን ልለጥፈው?

ገንዳ ጠጋኙ፦

በፍጹም! እዚሁ ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት የ7 ዓመት ልጅ የጃኩዚ መምጠጫ ይዟት ውሃ ውስጥ ሞታለች። የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ ነበረች። እናቷ ብትጎትት አልቻለችም፤ ሁለት ወንዶች ናቸው ያላቀቋት። በ2007 የወጣው የፌዴራል የመዋኛ ደህንነት ሕግ በስሟ ነው የሚጠራው፤ ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር። ከዚያ ወዲህ የሚሸጠው ሽፋን ሰውነትና ፀጉር እንዳይመጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። የገንዳህን ሞዴል ቁጥር ይዘህ ሂድና ለእሱ የተሠራውን ግዛ፤ ያረጀውን ወርውረው። ፀጉሯ ረጅም የሆነ ሴት ልጅ እንግዳ ብትመጣም ፀጉሯን ጠቅልላ ትሰር።

የሰበታው ልጅ፦

ገባኝ። እናቴ የሐኪም ቀጠሮዋ በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ «እኔ ራሴ እጠይቀዋለሁ፣ አንተ ታጣምብኛለህ» ብላለች። ባለቤቴ ደግሞ ሽጠህ ገላግለኝ እያለች ነው። ለጊዜው እንዳለ ከድኜ ብተወውስ?

ገንዳ ጠጋኙ፦

ባዶውን ከሆነ ይቻላል። ውሃ ይዞ ግን ሳይለካ አይቀመጥ። ባዶ ስታደርገውም ቧንቧው ውስጥ የቀረውን ውሃ፣ ውሃ በሚስብ ቫኪዩም አውጣው፤ ያ ካልወጣ ዝልግልጉ እዚያው ያድጋል፣ ብርዱ ሲመጣ ደግሞ በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ይሰነጥቅብሃል። ብሬከሩ ይጥፋ። ክዳኑን በአራቱም ማዕዘን ቆልፈው፤ መቆለፊያው ከተሰበረ ማሰሪያው ለብቻው ይሸጣል። ለመሸጥ ከወሰንክም ለገዢው የተሰነጠቀውን ሽፋን ንገረው።