አዳማ–አሰላ ለሚመላለስ ሰው ተርቦ ያላት ትንሽ መኪና ወይስ ቪትዝ?

መንገደኛው፦

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የምኖረው አዳማ ስራዬ አሰላ ነው፣ በሳምንት አራት ቀን ጠዋት ሄጄ ማታ እመለሳለሁ፣ ደርሶ መልሱ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስካሁን በሚኒባስ ነበር፣ ሁለተኛዋ ልጃችን ከተወለደች በኋላ ግን መናኸሪያ ቆሜ መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ እየመሸብኝ ልጆቼን ተኝተው ነው የማገኛቸው፣ በቃ መኪና መግዛት አለብኝ አልኩ። የባለቤቴ እቁብ ደርሷት ካጠራቀምነው ጋር 2.3 ሚሊየን ብር አለን፣ ከዛ በላይ አንድ ብር የለም።

ሁለት መኪና አይቻለሁ። አንዷ ቪትዝ 1.0 ነች፣ ሌላኛዋ የ2015 ሞዴል ቮልስዋገን ፖሎ 1.2 ተርቦ ማንዋል፣ ዋጋቸው ለትንሽ ነው የሚለያየው። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ "ተርቦ ያለው ቤንዚን መኪና እንዳትገዛ፣ ተርቦው የሄደ ቀን ቤትህን ትሸጣለህ" ይለኛል። ለምን እንደሆነ ግን የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ቪትዝ እንዳልገዛ ያመነታሁበትን ልንገራችሁ። ባለፈው ጓደኛዬ የሱን አውሶኝ ባለቤቴንና ልጆቹን ይዤ ወደ አሰላ ወጣሁ። እስከ መልካሳ ድልድይ ድረስ ምንም አልነበረም፣ ዴራን አልፈን ወደ ኢተያ መውጣት ስንጀምር ግን ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጬም አትሄድም፣ ሶስተኛ ማርሽ ስይዝ ትሞታለች ሁለተኛ ስመልስ ትጮሃለች፣ ከፊቴ ጭነት የያዘ አይሱዙ አለ፣ ልቀድመው ወጥቼ መሀል ላይ ጉልበት አጣሁና ተመልሼ ገባሁ። ባለቤቴ ከዛ ጀምሮ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረችም። በየቀኑ እንዲህ ሆኜ መሄድ አልፈልግም። ደግሞ ቤንዚን ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ በኋላ ትልቅ ሞተር የሚባል አላስብም። ምን ትላላችሁ?

ቪትዝ ስድስት ዓመት፦

ወንድሜ ቪትዝ ግዛ። ስድስት ዓመት ይዣለሁ፣ ከዘይት፣ ካንዴላና ጎማ ውጪ ያወጣሁት ገንዘብ የለም ማለት ይቻላል። መለዋወጫዋ አዳማ ሞልቷል፣ ከጠፋም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄደህ አታጣውም። መንግስት በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ልሽጣት ብትል ገዢው በር ድረስ ነው የሚመጣው። ዳገቱን ቀስ ብለህ ትወጣዋለህ፣ አስር ደቂቃ ቢዘገይ ምን ይሆናል።

ጋሼ መካኒክ፦

ቪትዝ ጥሩ መኪና ነች፣ እኔም በቀን ሁለት ሶስት እየሰራሁ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ይሄ ልጅ ግን የጠየቀው የአሰላን መንገድ ነው፣ በሳምንት አራት ቀን፣ ሰው ጭኖ። ስለዚህ ነገሩን ከስሩ ላስረዳህ ልጄ።

ተርቦ የሌለው ሞተር አየር የሚስበው በራሱ ሳንባ ነው። አዳማ ከባህር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነች፣ አሰላ 2,400 ታልፋለች። አሰላ ላይ አየሩ ባህር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል፣ አየር ሲሳሳ ነዳጁም በዛው ልክ ይቀንሳል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። የቪትዝ 1.0 ሞተር ፋብሪካው የሚሰጠው 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፣ አሰላ ስትደርስ በእጅህ ያለው 50 እና ትንሽ ነገር ነው። አይሱዙውን መቅደም ያቃተህ መንዳት ስላልቻልክ አይደለም። ተርቦ ደግሞ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል አንዷን ፋን ያሽከረክርና በዛው ዘንግ ጫፍ ያለችው ሌላኛዋ ፋን አየር ጨምቃ ወደ ሞተሩ ታስገባለች፣ ላይ ስትወጣ አየሩ ቢሳሳም ፈጠን ብላ ዞራ አብዛኛውን ታካክሰዋለች። ያየሃት ፖሎ ባለ 90 ፈረሷ ከሆነች 160 ኒውተን ሜትር የመጎተት ኃይሏን ሞተሩ በደቂቃ ከ1,400 ዙር ጀምሮ ነው የምትሰጥህ፣ ቪትዟ 100 አትሞላም፣ እሷንም ለማግኘት ሞተሩን ማስጮህ አለብህ። ዳገት ላይ የሚሰማህ ልዩነት ይሄ ነው።

አሁን ሰው ለምን እንደሚፈራው። ያቺ ፋን በደቂቃ ከ150 ሺህ ዙር በላይ ትሽከረከራለች፣ ዘንጓ የሚቀመጠው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ዘይቱ ካረጀ፣ ከቆሸሸ ወይም አስመስለው ያሸጉት ከሆነ መጀመሪያ የምትሞተው እሷ ነች። እኛ ሀገር ደግሞ ዘይት ሲጠቁር እንጂ በኪሎ ሜትር የሚቀይር ስንት ሰው አለ? ሁለተኛው ጠላት አቧራ ነው። አዳማ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ከተማ ነች፣ ያ ንፋስ አቧራውን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። የአየር ፊልትሮው ሳጥን በደንብ ካልገጠመ አቧራው በቀጥታ የሚያርፈው የተርቦው ፋን ላይ ነው፣ ጫፏን እንደ ሞረድ ይበላታል። በእጄ ብዙ አውጥቻለሁ፣ ጠርዟ ምላጭ ሆና።

ሌላ ደግሞ ማስታወቂያው 1.2 ተርቦ ስላለ ብቻ አንድ አይነት እንዳይመስልህ። ፖሎ ላይ በፈረንጆቹ ከ2014ቱ ማሻሻያ በፊት የነበረው ባለ 8 ቫልቩ 1.2 ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው በካቴና፣ ማለትም በሰንሰለት ነው፣ ካቴናው እየተለጠጠ ብዙ ሰው አስቸግሯል። ከማሻሻያው በኋላ የመጣው ባለ 16 ቫልቭ ነው፣ ይሄንኑ በቺንጋ፣ ማለትም በጎማ ቀበቶ ይሰራል፣ እሱ ይሻላል። የ2015 ካልካት ሁለተኛው መሆን አለበት፣ ግን ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ከሞተሩ ጋር አስተያይ። ማንዋል መሆኗ ደስ ብሎኛል፣ ደረቅ ፍሪሲዮን ያለው ባለ 7 ማርሽ አውቶማቲኳ ቢሆን ተዋት እልህ ነበር፣ እዚህ እሱን በትክክል የሚሰራ ማግኘት ከባድ ነው።

ለማየት ስትሄድ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ሂድ። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካለ ተመለስ። ከተርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደውን ቱቦ አስፈትተህ ጣትህን አስገባ፣ ትንሽ ወዝ ችግር የለውም፣ ዘይት ከተጠራቀመ ግን ተርቦው እያስተላለፈ ነው። የፋኗን ዘንግ ይዘህ ነቅነቅ አድርጋት፣ ወደ ጎን በጣም ትንሽ ብትነቃነቅ ያለ ነው፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጪ የምትል ከሆነ አልቃለች።

የሞጆ እናት፦

ጋሼ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፣ በኔ ደርሷል። አዳማ እየኖርኩ ሞጆ ነው የምሰራው፣ ባለ ሶስት ሲሊንደር ተርቦ መኪና ይዤ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ የመኪናዋን አይነት መጥቀስ አልፈልግም ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለምና። ስገዛት መጽሐፏ ላይ ዘይት በየ15 ሺህ ይላል፣ እኔም አምኜ 12 ሺህ አስኬድኳት። አንድ ቀን ከመብራት ስነሳ ፉጨት ሰማሁ፣ ማንቆርቆሪያ ሊፈላ ሲል የሚያሰማው አይነት ቀጭን ድምፅ፣ መስኮት ስዘጋ ይጠፋል። ተውኩት። በሶስተኛው ሳምንት ጉልበቷ ጠፋ፣ በስፖኪዮ ሳይ ከኋላዬ ሰማያዊ ጭስ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ሞተሩ በሙሉ ይቀየር አለኝ፣ ማታ እቤት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሌላ ሰው ሲፈታው ሞተሩ ደህና ነው፣ ለተርቦው ዘይት የምታደርሰው ቀጭን ቧንቧ በተቃጠለ ዘይት ተደፍና ነው። እሱ ባይነግረኝ ኖሮ ተርቦውን ብቻ ቀይሬ አዲሱም በወሩ ይሞት ነበር፣ ስለዚህ ማንም ተርቦ የሚቀይር ቧንቧዋን አብሮ ይቀይር፣ በእግዚአብሔር ስም እለምናችኋለሁ። ከዛ ወዲህ በየ5 ሺህ ነው የምቀይረው፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ከበሩ ጎን ለጥፌ፣ ሁለት ዓመት ተኩል ሆነኝ አንድ ነገር አላየሁባትም።

የነዳጁን ነገር ደግሞ እውነቱን ላውራ፣ ሞልቼ እስክሞላ እየመዘገብኩ ነው። በ80 እና በ90 መሀል ከነዳሁ በሊትር 16 እና 17 ትሄዳለች፣ አዳማ ውስጥ በባጃጅ መሀል 11፣ ቸኩዬ የረገጥኩ ሳምንት ደግሞ ከተማ ውስጥ ወደ 9 ትወርዳለች። ተርቦ ትንሽ ሞተር ነዳጅ የሚቆጥበው እግርህ ቀላል ሲሆን ነው፣ ስትረግጠው እንደ ትልቅ ሞተር ነው የሚጠጣው።

መንገደኛው፦

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ጋሼ እርስዎም ዕድሜ ይስጥልኝ፣ እንዲህ ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። አንድ ጥያቄ፣ የአውሮፓ ተርቦ መኪኖች 95 ኦክቴን የሚባለውን ጠንከር ያለ ቤንዚን ነው የሚፈልጉት ይላሉ፣ እኛ ማደያ ላይ ደግሞ ምርጫ የለም፣ ተሰልፈን ያለውን ነው የምንቀዳው። ችግር አያመጣም?

ጋሼ መካኒክ፦

ጥሩ ጠየቅክ። ሞተሩ የማንኳኳት ድምፅ የሚሰማ ሴንሰር አለው፣ ነዳጁ ደከም ሲል ማቀጣጠያውን ወደ ኋላ ያዘገየዋል፣ ትንሽ ጉልበት ታጣለህ እንጂ ወዲያው አይጎዳም። አንተ ማድረግ ያለብህ ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ በ1,300 ዙር እየረገጥክ አታስጨንቀው፣ ወደ ሶስተኛ መልስና 2,000 ላይ ይሂድ። ተርቦ ያላትን ቤንዚን ሞተር ፒስተን የሚሰብረው በዝቅተኛ ዙር ከባድ ጭነት ነው። ዘይት ስትገዛ ኤፒአይ ኤስፒ (API SP) የሚል የጥራት ደረጃ የተጻፈበትን እይ፣ ለዚህ ችግር ታስቦ የተሰራ ነው፣ መጽሐፏ የሚጠይቀውን ደረጃም አስተያይ። አሰላ ስትደርስ ደግሞ ቁልፉን ወዲያው አታጥፋ፣ አንድ ደቂቃ በሚኒሞ ትቁም፣ ፋኗ ቀዝቀዝ ትበል፣ አለበለዚያ ውስጧ የቀረው ዘይት ይቃጠልና እህታችን ላይ የደረሰው ይደርሳል።

መንገደኛው፦

ይኸው ተመልሼ መጣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ስሄድ ሰውየው ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀኝ፣ ኮፈኑን ስነካው ይፋጃል። ጋሼ ያሉት ትዝ ብሎኝ ነገ ጠዋት እመለሳለሁ አልኩት፣ ትንሽ ቅር አለው ግን እሺ አለ። እሁድ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ፣ ቀዝቃዛ ነች፣ በአንዴ ተነሳች፣ ጭስ የለም። መካኒክ ይዤ ነበር፣ ቱቦውን ፈታው፣ ወዝ ብቻ ነው። ከዛ የአየር ፊልትሮውን ሳጥን ሲያይ አንዱ ክሊፕ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፣ በክፍተቱ በኩል ቡናማ የአቧራ መስመር እስከ ቱቦው ድረስ ገብቷል። ልቤ ወረደ። ፋኗን በባትሪ አበራንባት፣ ጠርዟ ግን ሙሉ ነው፣ ዘንጓም አትነቃነቅም፣ ክሊፑ ከተሰበረ ብዙ አልቆየም ማለት ነው።

ባለቤቴንና ልጆቹን ጭኜ እስከ ኢተያ ነዳኋት። ዴራን ካለፍን በኋላ ያ ቦታ ላይ ስንደርስ በሶስተኛ ማርሽ 2,000 ዙር ላይ ያለ ምንም ጩኸት ወጣች፣ የጭነት መኪና ነበር፣ መንገዱ ነፃ መሆኑን አይቼ ቀደምኩት፣ ባለቤቴ ከትንሿ ጋር እያወራች ነበር፣ መቅደማችንን እንኳን ያስተዋለችው አልመሰለኝም።

ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ወረቀት የለውም፣ እሱንና የፊልትሮ ሳጥኑን አስቤ 70 ሺህ ብር ቀነሰልኝ። ማክሰኞ ስም ልናዛውር ነው።

ጋሼ መካኒክ፦

እንኳን ደስ አለህ ልጄ። ሳጥኑን በሽቦ ይዘህ አንድ ቀን እንኳን አሰላ እንዳትሄድ። ማክሰኞ ከጨረስክ በቀጥታ ወደኔ አምጣትና ቺንጋውን፣ ዘይቱንና ፊልትሮውን አብረን እንቀይራለን፣ ዘይቱን ግን አንተ ፊት ነው የምከፍተው።

የሞጆ እናት፦

ኪሎ ሜትሩን ከበሩ ጎን መለጠፍ እንዳትረሳ!