ካበርጎሊን የሚወስደው ወንድሜ ቤቲንግ ለመደ፤ ከመድኃኒቱ ይሆን?

የፎቶኮፒዋ፣ 4 ኪሎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ ፒቱታሪው (አንጎል ሥር ያለችው፣ ሆርሞን የምታመነጨው ትንሽ አካል) ላይ እጢ ወጥቶበት ነበር። ካንሰር እንዳልሆነ ነግረውናል። ያስጠረጠረን አካሄዱ ነው፤ ከጎኑ ከሚመጣ ሰው ጋር ይላተማል፣ ራስ ምታቱም አልለቅ አለው። ዓይን ሐኪሙ ኤም አር አይ አዘዘለት፤ ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞኑም ጣሪያ ነክቶ ተገኘ። ያለ ቀዶ ጥገና፣ ካበርጎሊን በሳምንት ሁለቴ ግማሽ ግማሽ ኪኒን እየዋጠ እጢው ቀነሰ፣ ዓይኑም ተመለሰ። እሰየው ብለን ሳንጨርስ ሌላ ጉድ መጣ።

ለአምስት ብር መልስ ከታክሲ ረዳት ጋር የሚከራከር ሰው ነበር። አሁን ከሥራ ሲወጣ ቀጥታ ቤቲንግ ቤት ነው። ጃኬቱን ላጥብ ስል ኪሱ ውስጥ የተጣጠፈ ቲኬት በቲኬት። ኳስ የማይወድ ሰው የፊንላንድ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ይቆርጣል! የዕቁብ ብር በላ። ስንጠይቀው ያለቅሳል፣ በነጋታው ይደግመዋል። እማዬ «ዓይነ ጥላ ነው፣ እንጦጦ ጠበል ይግባ» ትላለች። እኔ ኪኒኑን ጠረጠርኩ፤ ቤት ውስጥ ግን ሳቁብኝ። የሚያውቅ አለ?

ጎል አዳኝ፦
ይቅርታ እህቴ፣ ፒያሳና ካዛንቺስ ቤቲንግ ቤት የሚውለው ወጣት ሁሉ ኪኒን ይውጣል እንዴ? ሰበብ አትፈልጊለት።

ፋርማሲስቷ፦
ሰበብ አይደለም፣ የመድኃኒቱ መግለጫ ላይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው። ካበርጎሊን ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ሥራ ይሠራል፤ ፕሮላክቲን የሚያመነጨውን እጢ የሚያከስመውም በዚሁ ነው። ዶፓሚን ግን አንጎል ውስጥ «ደስ አለኝ፣ ልድገመው» የሚያሰኘንም እሱ ነው። ነገሩ ቀድሞ የታየው ተመሳሳይ መድኃኒት የሚወስዱ የፓርኪንሰን (የሚያንቀጠቅጠው ሕመም) ታካሚዎች ላይ ነበር፦ ቁማር፣ ያለ ልክ መግዛት፣ መብላት፣ የወሲብ ፍላጎት መናር። የፒቱታሪ ታካሚዎች የሚወስዱት መጠን በጣም ያነሰ ቢሆንም እነሱም ላይ ተመዝግቧል። ሁሉም ላይ አይደርስም። መቼ ጀመረው? ከኪኒኑ በፊት ካልነበረ ለሆርሞን ሐኪሙ ንገሩ። በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡ፤ እጢው አድጎ ዓይኑን ተመልሶ ሊጫነው ይችላል። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ፣ ሊያስቆም ወይም በአፍንጫ በኩል የሚሠራውን ቀዶ ጥገና ሊያስብ ይችላል። ጠበልም ቢሄድ ኪኒኑን ይዞ ይሂድ።

ማሚ ልደታ፦
እኔም ኪኒኑን እወስዳለሁ፤ የእኔ ግን ጫማ መግዛት ነበር። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ ያልተፈታ ካርቶን ሁሉ። ቀጠሮ ላይ ስለ ወር አበባዬና ስለ ራስ ምታቴ ይጠይቁኛል፤ ስለ ጠባዬ ማንም አልጠየቀኝም። እኔስ ከሆርሞን ጋር ምን አገናኘው ብዬ ላንሳው? ኋላ ስናገር መጠኑ ተቀነሰልኝና ረገብ አለ። እስከዚያው ደሞዙን አንቺ ያዢለት፣ የሞባይል ባንኩንም የይለፍ ቁጥር ቀይሩት።

ጎል አዳኝ፦
እሺ ይሁን፣ ዕቁቡንስ ማን ይከፍላል?

የፎቶኮፒዋ፣ 4 ኪሎ፦
እኔው ነኛ፣ ማን ይኖራል! ቀኑን አመሳከርኩት፤ ኪኒኑን የጀመረው ከፋሲካ በፊት ነው፣ ቲኬቶቹ ግን ሁሉም ከክረምት ወዲህ ናቸው። ሐኪሙ ጋ አብሬው ልግባ ወይስ ቀድሜ ለብቻዬ ልንገረው? እንዳያፍር ፈርቼ ነው።

ፋርማሲስቷ፦
መጀመሪያ ለራሱ ንገሪው፣ ከዚያ አብራችሁ ግቡ። ለቅሶውንም አንሱት፤ ድባቴ ከሆነ ለብቻው መታከም አለበት። የአእምሮ ሐኪም ሲባል ደግሞ አማኑኤል ብቻ አይምጣባችሁ፣ ሌሎችም ሆስፒታሎች በተመላላሽ ያክማሉ።