«ተመካክረን ነው የምንወስነው» የሚለውን መልስ እንዴት ልለካው?

የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን በሴቶች ንግድ ላይ እየሠራሁ መጠይቁ ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። መስኩን የምታውቁ እባካችሁ አግዙኝ።

መነሻዬ በስሪላንካ የተካሄደው ሙከራ ነው። ለጥቃቅን ነጋዴዎች የማይመለስ ገንዘብ ወይም ዕቃ ተሰጠ፤ የወንዶቹ ትርፍ ጨመረ፣ የሴቶቹ ግን ፈቀቅ አላለም። «ሴት ንግድ አይሆንላትም» ለሚሉ እንዴት ያለ ሲሳይ ነው! በ2019 እ.ኤ.አ. ግን ሌሎች ተመራማሪዎች የስሪላንካን፣ የሕንድንና የጋናን መረጃ እንደገና ሲፈትሹ፣ ለሴቷ የተሰጠው ካፒታል በአብዛኛው ወደ ባሏ ንግድ እንደሚገባ አሳዩ። የቤተሰቡ ገቢ ተደምሮ ሲታይ ልዩነቱ አልተገኘም።

የእኔ ጭንቅ እዚህ ላይ ነው። «በንግዱ ገንዘብ ላይ የሚወስነው ማን ነው?» ስል ሁሉም ለማለት ይቻላል «ተመካክረን» ይላሉ። አንዷ ይህንኑ ተናግራ ሳትጨርስ ዕቃ አቅራቢዋ ደወለ፤ ስልኩን ሳታነሳ ለባሏ አቀበለችው። እኔም «በጋራ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጌ ወጣሁ።

ስለ መጨረሻው ግዢ ብቻ ብጠይቅ ይሻላል? ወይስ ባልና ሚስትን ለየብቻ አነጋግሬ መልሳቸውን ላስተያይ? እሷ የምታምነውንና «ጎረቤት ምን ይለኛል» ብላ የምታደርገውን የሚለይ የተፈተነ ጥያቄ ያላችሁም ብታካፍሉኝ። አማካሪዬ ባሎችን ከጥናቱ አውጣ ይሉኛል፤ እኔ ግን እነሱ ከወጡ የሚቀረኝ ነገር አይታየኝም።